በሰላም የተመለሰው ዓሣ፦ ከህንድ እስከ በስራ የተጓዘች የስስት ተረት

 

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንዲት አጭር ተረትና ስለ ረጅም ጉዞዋ ነው። ተረቷ የሽመላ፣ የዓሦችና የሸርጣን ናት። ህንድ ውስጥ በቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ ተነገረች፤ በፋርስ ቤተ መንግሥት በኩል አለፈች፤ በበስራ ከተማ በአንድ ሙስሊም ጸሐፊ እጅ ዐረብኛ ሆነች፤ ከዚያ ተነስታ ዓለምን አዳረሰች። ወሬዋ ስለ ስስት ነው። ነገር ግን በዚህች ተረት ውስጥ ስስታሙ «ርቦኛል» እያለ አይመጣም። «አዘንኩላችሁ» እያለ ነው የሚመጣው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬ ልናነሳት የወደድነውም ለዚሁ ነው።

ተረቷ ስትጀመር

የቡድሃ እምነት ተከታዮች «ጃታካ» የሚሏቸው በፓሊ ቋንቋ የተጻፉ 547 ታሪኮች አሏቸው። ብዙዎቹ እንስሳት የሚናገሩባቸው ናቸው። ከጥንትም ጥንት ናቸው፤ ህንድ ውስጥ ባርሁት በሚባል ስፍራ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ በድንጋይ ላይ ተቀርጸው የተገኙ አሉ። ታሪኮቹ ቡድሃ ከመወለዱ በፊት በሌላ አካል ኖሯል በሚል እምነት ላይ የቆሙ ናቸው። እኛ ሙስሊሞች ይህን እምነት አንቀበልም፤ የሰው ልጅ አንዴ ይሞታል፣ ከዚያ ለሒሳብ ይቀሰቀሳል። ተረቱን የምናወራው ለታሪክነቱና በውስጡ ላለው ትምህርት ነው።

38ኛው ታሪክ እንዲህ ይላል። በጋው በርትቶ የአንድ ኩሬ ውኃ እየጎደለ ሄደ። ውስጡ ብዙ ዓሦች አሉ። ሽመላ መጣና ዳር ላይ ተቀምጦ ይተክዝ ጀመር። ዓሦቹ «ምን ሆነህ ነው?» አሉት። «ስለ እናንተ እያሰብኩ ነው» አላቸው። «ውኃው እየደረቀ ነው፣ ምግቡም አልቋል፣ ሙቀቱም በርትቷል። ምን ይውጣቸው እያልኩ ነው የተቀመጥኩት። ከፈቀዳችሁ አንድ በአንድ በአፌ ይዤ፣ አበባ ወደሞላበት ትልቅ ሐይቅ ልውሰዳችሁ።»

ዓሦቹ ሞኞች አልነበሩም። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ለዓሣ ያዘነ ሽመላ ታይቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነገሩት። «ልትበላን ነው» አሉት። እሱ ግን አልተቆጣም። «ካላመናችሁኝ አንድ ዓሣ ስጡኝ፤ ሐይቁን አይቶ ይመለስ» አላቸው። አንድ ዓይን ያለው፣ በጉልበቱ የሚተማመኑበት ትልቅ ዓሣ መርጠው ሰጡት። ሽመላውም ወሰደው፣ ሐይቁ ውስጥ ለቀቀው፣ ዞሮ እስኪያየው ጠበቀው፣ መልሶም አመጣው። ዓሣው ያየውን ሁሉ ተናገረ። ሐይቁ እውነት ነው። ሰፊ ነው። አበባው ተነግሮ አያልቅም።

ከዚህ በኋላ «እኔን ውሰደኝ፣ እኔን ውሰደኝ» ሆነ። ሽመላውም መጀመሪያ የወሰደው ያንኑ የመሰከረውን ዓሣ ነበር። ሐይቁን አሳይቶት፣ ዳር ላይ ወዳለ ዛፍ ወስዶ በላው፤ አጥንቱንም ከዛፉ ሥር ጣለው። አንድ በአንድ እያመላለሰ ኩሬውን ባዶ አደረገው። አንድም ዓሣ አልቀረም።

ጠግቦ ነበር። ቢያቆም ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ኩሬው ውስጥ አንድ ሸርጣን ቀርቶ ነበርና እሱም አማረው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው ሆነ። ያንኑ ወሬ ለሸርጣኑም አወራለት። ሸርጣኑ ግን «አፍህ ሊይዘኝ አይችልም፣ ትጥለኛለህ። የእኔ መቆንጠጫ ግን ይይዛል። አንገትህን እኔ ልያዝ፣ ከዚያ እንሂድ» አለው። ስስት ያሳወረው ሽመላ እሺ አለ።

ከዛፉ ሥር የአጥንቱን ክምር ሲያይ ሸርጣኑ ነገሩ ገባው። አንገቱን ጨመቀው። ሽመላው እያለቀሰ ለመነው፤ ሸርጣኑም ወደ ኩሬው እንዲመልሰው አደረገ። ጭቃው ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት አንገቱን ቆረጠው።

ጃታካው ይህ ተረት ለምን እንደተነገረም ያትታል። አንድ ልብስ ሰፊ መነኩሴ ነበር። ያረጀ ጨርቅ ቀጣጥሎ ይሰፋል፣ ቀለም ነክሮ አዲስ ያስመስለዋል፣ ከዚያ አዲስ ጨርቅ ይዘው ለሚመጡ መነኮሳት ይለውጣቸዋል። ልብሱ ሲታጠብ ቀዳዳው ይወጣል። ይህን ሰው ከገጠር የመጣ ሌላ ልብስ ሰፊ በዚያው ዘዴ አታለለው። እንግዲህ ተረቷ መጀመሪያ የተነገረችው የሃይማኖት ልብስ ስለሚሸጥ አታላይ ነበር። ሽመላው እሱ ነበር።

ከህንድ ወደ ፋርስ

ይህች ተረት በጃታካ ብቻ አልቀረችም። በሳንስክሪት በተጻፈው «ፓንቻታንትራ» በሚባለው የተረት መጽሐፍም ገባች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ንጉሥ የነበረው ኪስራ አኑሸርዋን (እ.ኤ.አ. ከ531 እስከ 579 የገዛው) ቡርዙያ የሚባለውን ሐኪሙን ወደ ህንድ ላከው። እንደሚተረከው ቡርዙያ የሄደው ሙታንን የሚያስነሳ ቅጠል ሊፈልግ ነበር፤ ቅጠሉን አጣ። አንድ አዋቂም «ሙታን የተባሉት ጃሂሎች ናቸው፣ መድኃኒቱም ዕውቀት ነው» አለው። ቡርዙያም መጽሐፉን ይዞ ተመለሰ፤ ፓህላቪ ወደሚባለው የፋርስ ቋንቋም ተረጎመው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተወለዱት በዚሁ ንጉሥ ዘመን መሆኑን ስናስታውስ ጊዜው ቀረብ ይልልናል።

የቡርዙያ የፓህላቪ ትርጉም ዛሬ የለም፣ ጠፍቷል። ዓለም ዛሬ የሚያውቀው በአብዛኛው ከሱ በተቀዳው የዐረብኛ መጽሐፍ ነው።

የበስራው ጸሐፊ

የዐረብኛውን መጽሐፍ የጻፈው ዐብዱላህ ኢብኑል ሙቀፍፈዕ ነው። ፋርሳዊ ነው፤ የመጀመሪያ ስሙ ሩዝቢህ ነበር። አባቱ ለዒራቅ ገዢ ግብር ሰብሳቢ ነበር። ከግብሩ ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ በተፈጸመበት ቅጣት እጁ ሽባ ሆነ። «ሙቀፍፈዕ» ማለት እጁ የተኮማተረ ማለት ነው። ልጁ ስለ ስስትና ስለ ሥልጣን የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ሲያመጣ በስሙ ውስጥ የአባቱን እጅ ተሸክሞ ነበር።

ኢብኑል ሙቀፍፈዕ በበስራ የኸሊፋው የአል-መንሱር አጎት ለሆነው ለዒሳ ኢብኑ ዐሊ ጸሐፊ ሆነ፤ በሱም እጅ ሰለመ። ስለ እምነቱ ጥርጣሬ ያነሱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ የልብን የሚያውቀው አላህ ነው። በዐረብኛ ብዕሩ ግን የተጠራጠረ የለም። ለመጽሐፉ «ከሊላ ወዲምና» የሚል ስም የወጣለት በውስጡ ባሉ ሁለት ቀበሮዎች ነው።

በመቅድሙ ላይ መጽሐፉ በእንስሳት አፍ የተነገረበትን ምክንያት ሲያስረዳ ወጣቶች ቀልድና ጨዋታ ስለሚወዱ በዚያ ተስበው ቁም ነገሩን እንዲይዙ ነው ይላል። እዚያው ላይ አንድ ታሪክ ያመጣል። አንድ ሰው በረሃ ውስጥ የተቀበረ ሀብት አገኘ። «ብቻዬን ባመላልሰው ብዙ ቀን ይፈጅብኛል» ብሎ ተሸካሚዎችን ቀጠረ፤ እያሸከመ «ወደ ቤቴ አድርሱልኝ» ብሎ ሰደዳቸው። ሁሉንም ጭኖ ከጨረሰ በኋላ ቤቱ ሲደርስ ምንም የለም። እያንዳንዱ ተሸካሚ ወደየራሱ ቤት ወስዶታል። ኢብኑል ሙቀፍፈዕ ይህን የተናገረው ሳያስተውሉ ለሚያነቡ ሰዎች ነው። እኛም ከዚህ ጽሑፍ ተረቷን ብቻ ይዘን ከሄድን ሸክሙ ሌላ ቤት ገባ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ጨመረ። በህንዱ መጽሐፍ ተንኮለኛው ቀበሮ በሬውን በሐሰት ወንጅሎ ካስገደለ በኋላ ምንም ሳይሆን ከአንበሳው አጠገብ ይቀራል። በዐረብኛው ግን ዲምና ለፍርድ የሚቀርብበት ምዕራፍ አለ፤ ምስክር ይሰማበታል፣ ይፈረድበታል፣ ይሞታል። ተመራማሪዎች በአብዛኛው ይህን ምዕራፍ የጨመረው ኢብኑል ሙቀፍፈዕ ነው ይላሉ። ግፍ ያለ ሒሳብ አልፎ ሲሄድ አይቶ ዝም ማለት አልቻለም።

የራሱ መጨረሻ ግን መራራ ሆነ። የኸሊፋው ሌላ አጎት ዐብዱላህ ኢብኑ ዐሊ አምጾ ተሸነፈ። ወንድሞቹ ምሕረት ሲጠይቁለት የምሕረቱን ውል እንዲጽፍ የታዘዘው ኢብኑል ሙቀፍፈዕ ነበር። ኸሊፋው ቢያፈርሰው ምንም ማምለጫ ቀዳዳ እንዳያገኝ አድርጎ ጻፈው። አል-መንሱር ተቆጣ። በ139 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ756 ወይም 757) አካባቢ የበስራው ገዢ ገደለው። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር።

በዐረብኛው ሽመላው አርጅቷል

በከሊላ ወዲምና ተረቷ ተቀይራ እናገኛታለን። ሽመላው አርጅቶ ማደን አቅቶታል፤ አዝኖ ተቀምጧል። የሚያነጋግረው ሸርጣኑ ነው። ሽመላውም «ሁለት ዓሣ አጥማጆች በዚህ ሲያልፉ ሰማኋቸው፤ ሌላውን ቦታ ከጨረሱ በኋላ መጥተው እዚህ ያሉትን ዓሦች ሊያጠምዱ ተነጋገሩ» አለው። ሸርጣኑ ለዓሦቹ ነገራቸው። ዓሦቹም ራሳቸው ወደ ሽመላው ሄደው ምክር ጠየቁት። እሱም በየቀኑ ሁለት ሁለት እየወሰደ ከአንድ ኮረብታ ላይ ይበላቸው ነበር።

ልዩነቱን አስተውሉ። በመጀመሪያው ተረት ሽመላው ራሱ ይመጣል። በዚህኛው ግን ፍርሃት ይዘራና ቁጭ ይላል፤ ዓሦቹ ናቸው በእግራቸው የሚመጡለት።

አንድ ቀን ሸርጣኑም «እኔንም ውሰደኝ» አለው። ኮረብታው ላይ የዓሣ አጥንት ሲያይ ነገሩን ተረዳ። ቢታገልም ባይታገልም መሞቱ ካልቀረ ታግሎ መሞት እንደሚሻል ለራሱ ነገረው፤ አንገቱን አንቆ ገደለው። ከዚያ ግን በጃታካው የሌለ ነገር ተደረገ። በጃታካው አንድም ዓሣ አልተረፈም ነበር፤ የሚነገረው የለም። በዐረብኛው ግን በኩሬው ገና ዓሦች አሉ። ሸርጣኑ ወደ እነሱ ተመለሰና ያየውን ነገራቸው።

ከበስራ ወደ ዓለም

ሙስሊሞች ይህን መጽሐፍ እንደ ራሳቸው አድርገው ተቀበሉት። አባን አል-ላሒቂ የሚባል ገጣሚ ለበራሚካ ቤተሰብ በግጥም አዘጋጀው። በራሚካዎች የሃሩን አር-ረሺድ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ አባቶቻቸው ግን በበልኽ ከተማ የነውበሃር የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጠባቂዎች ነበሩ። የቡድሃ ሰዎች ያወሩትን ተረት የቤተ መቅደሳቸው ጠባቂዎች የልጅ ልጆች ሙስሊም ሆነው በባግዳድ በዐረብኛ ግጥም ሰሙት ማለት ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሩዳኪ በፋርስኛ ግጥም ጻፈው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነስሩላህ ሙንሺ በፋርስኛ ስድ ንባብ አዘጋጀው።

ከዐረብኛው ወደ ግሪክ፣ ወደ ዕብራይስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1251 ደግሞ ወደ ስፓኝኛ ተተረጎመ፤ ከዕብራይስጡም ወደ ላቲን ተሻገረ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ይህችኑ የዓሦችና የወፍ ተረት በግጥም አደረጋት። በሱ ግጥም ግን ወፉን የሚቀጣው ሸርጣን የለም፤ ተመልሶ የሚናገርም የለም። ዓሦቹ ይበላሉ፣ ነገሩ ያበቃል።

ወደ ሀገራችንም በተመሳሳይ መንገድ የመጣ ሌላ መጽሐፍ አለ። ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ የተነሳው «ቢለውሀር ወዩዳሳፍ» በዐባሲዮች ዘመን በዐረብኛ ይነበብ ነበር። ያ ታሪክ በክርስቲያኖች ዘንድ የቅዱሳን ታሪክ ሆኖ ዞሮ ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1553 በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአባ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። ዐረብኛ ያን ጊዜ የምሥራቁን ጥበብ ወደ ሀገራችን የሚያሻግር ድልድይ ነበር።

ከሌላ እምነት የመጣን ጥበብ መስማት

«ከቡድሂስቶች ተረት ምን እንማራለን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አቂዳችንን ከማንም አንወስድም። ነገር ግን በቡኻሪ የተዘገበውን የአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። የረመዷን ዘካ ሲጠብቁ አንድ ሌባ በሌሊት እየመጣ ምግቡን ይዝቅ ነበር። ሲይዙት «ድሃ ነኝ፣ ቤተሰብ አለብኝ» እያለ ይለምናቸዋል፤ አዝነው ይለቁታል። በሦስተኛው ሌሊት ከመኝታ በፊት አየተል ኩርሲይን መቅራት እንደሚጠብቅ ነገራቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሌባው ሸይጧን መሆኑን፣ ውሸታም ቢሆንም በዚያች ነገር እውነት መናገሩን አስረዷቸው። እውነት ከማንም አፍ ቢወጣ እውነት ነው። ያ ሌባም ቢሆን በእዝነት በር የገባ ሽመላ እንደነበር ልብ በሉ።

ስለ ስስት ደግሞ ዲናችን ከሽመላው በፊት አስጠንቅቆናል። ሱረቱ ተካሡር በሀብት መበላለጥ መቃብር እስኪገቡ ድረስ ስላዘናጋቸው ሰዎች ትናገራለች። በወርቅ የተሞላ ሸለቆ ቢኖረው ሁለተኛ ስለሚመኘው የአደም ልጅ የተነገረውን ሐዲስም አብዛኞቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። ተረቷ የምትጨምርልን ጠመዕ በሁለቱም ወገን እንዳለ ማሳየቷን ነው። ሽመላው ጠግቦ ሳለ ሸርጣኑን ተመኘ። ዓሦቹም ነገሩን አውቀው፣ «ልትበላን ነው» ብለው ተናግረው ሳለ፣ አበባ ያለበትን ሐይቅ ሲሰሙ የገዛ ቃላቸውን ረሱ።

ስለዚህ ወንድሞቻችን፣ የመጀመሪያውን ዓሣ እናስብ። በሰላም ተመለሰ። አልዋሸም፤ ሐይቁን በዓይኑ አይቷል። ሽመላው የገዛበት ዋጋ ግን እሱ ነበር። ዛሬ በስልካችን «ትንሽ ብር አስገባ፣ በየቀኑ ትርፍ ትወስዳለህ፣ ሌላ ሰው ስታመጣ ይጨመርልሃል» የሚሉ ነገሮች ሲመጡ መጀመሪያ የገቡት ይከፈላቸዋል። ደረሰኙን ያሳዩናል፣ አይዋሹም። የተከፈላቸው ግን ከኋላ ከገባው ሰው ገንዘብ ነው። በባሕር ተሻግሮ የመን ገብቶ ሳዑዲ የደረሰ ጓደኛ ፎቶ ሲልክም እንዲሁ ነው። ደላላው ያንን ፎቶ ይዞ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። በመንገድ የቀሩትን ፎቶ የሚያሳይ ደላላ የለም። «እገሌ ደርሷል» የሚለው ወሬ እውነት መሆኑ ለሁላችንም ዋስትና አይሆንም።

ሸርጣኑ ያደረገውን ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ «እመንህ ዘንድ አንገትህን ልያዝ» አለ። የሚያዝንልህ ሰው በውል፣ በምስክር፣ በዋስ መያዝን አይጠላም። ዲናችንም ብድርን በጽሑፍና በምስክር እንድናደርግ አዞናል። ውል ስትጠይቅ «አታምነኝም እንዴ? ወንድምህ አይደለሁም?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ሲገጥምህ፣ ከዛፉ ሥር ያለውን እይ። በተለይም የሃይማኖት ልብስ ለብሶ፣ በዲን ስም እየማለ ገንዘብ የሚሰበስበውን። የጃታካው ሽመላ ልብስ ሰፊ መነኩሴ እንደነበር አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ሸርጣኑ ተመልሶ ተናገረ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ከኛ መካከል አጥንቱን ያዩ ብዙ ናቸው። ገንዘባቸውን የተበሉ አሉ። በረሃ ላይ ታግተው ቤተሰብ ከብት ሸጦ ያስለቀቃቸው አሉ። ብዙዎቹ ዝም ብለዋል፤ «ሞኝ ነው ይሉኛል» ብለው ያፍራሉ። የተታለለ ሰው ሐፍረት የለበትም፤ ሐፍረቱ የአታላዩ ነው። አላህ ሸሽጎ የተወውን ወንጀል መግለጥ አንድ ነገር ነው፤ የተፈጸመብህን ግፍ ተናግረህ ወንድምህን ማዳን ግን ሌላ ነው። ይህ ነሲሓ ነው። ዝምታችን ለሽመላው ሁለተኛ ዙር ይሰጠዋል።

እኛም ደግሞ ሲናገሩ እንስማቸው። «እኔ ብሆን አልሸወድም ነበር» አንበል። ያ አንድ ዓይና ዓሣ ከኩሬው ዓሦች ሁሉ ጠንካራው ነበር።

አላህ ከጠመዕ ይጠብቀን፣ በሐላሉ ያብቃቃን፣ የተበደሉትን ይካሳቸው፣ በመንገድ ያሉትን በሰላም ያግባቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።